የልገሳ መጻሕፍትና የአንባቢው ቋንቋ

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ አካባቢ ለገጠሩ አንባቢ ቤተ መጻሕፍት የማቋቋም ሐሳብ ሲነሣ፣ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ስንት መጻሕፍት ተለገሱ?» የሚለው ነው። በእኔ አስተያየት ግን «በምን ቋንቋ?» የሚለው ሊቀድም ይገባል።

ለዚህም ከቅርቡ ታሪክ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2002 ከሳን ፍራንሲስኮ 15,000 ያህል የልገሳ መጻሕፍት ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ2003ም አዲስ አበባ፣ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ይሁን እንጂ በልገሳው ብቻ አልተወሰኑም፤ አንድ የአገራችንን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው አሳትመዋል።

የጉራጌው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የገጠሩን ሕይወት በቸሃ ቋንቋ ጻፉት፤ «የሺነጋ መንደር» እ.ኤ.አ. በ1964 ለዓለም አንባቢ የደረሰው ግን ቮልፍ ሌስላው በተረጎሙት እንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ አንድ የእምድብር ልጅ የአያቶቹን መንደር ታሪክ ከባሕር ማዶ በመጣ ሣጥን ውስጥ፣ በባዕድ ቋንቋ ሊያገኘው ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ለጋሹ መደርደሪያውን ሲሞላ፣ የአገሬው ተረትና ቃል ተጽፎ የሚቀመጥበት አንድ ረድፍ ይቆይ እላለሁ።