ኤርሊንግ ብሎንዳል ቤንትሶን

ኤርሊንግ ብሎንዳል ቤንትሶን (እ.ኤ.አ. 1932–2013) ኮፐንሃገን የተወለደ ዴንማርካዊ ቼሎ ተጫዋችና መምህር ነበር። ቫዮሊን ተጫዋች የነበረው አባቱ ገና በሦስት ዓመቱ ቼሎ ያስተምረው ጀመር፤ በአራት ዓመቱ ሕዝብ ፊት ቀርቦ ተጫወተ። በ16 ዓመቱ ፊላደልፊያ ወደሚገኘው ከርቲስ የሙዚቃ ተቋም ሄዶ ከግሬጎር ፒያቲጎርስኪ ተማረ፤ ብዙም ሳይቆይ እዚያው አስተማሪ ሆነ።

ከተቀረጹት ሥራዎቹ መካከል አቀናባሪው ባህ ለብቻው ለሚጫወት ቼሎ የጻፋቸው ስድስቱ ስዊቶች ይገኛሉ። በተለይ ስድስተኛው የተጻፈው ባለ አምስት ክር መሣሪያን በማሰብ ነው፤ ስለዚህ በአራት ክር የሚጫወት ሰው የጎደለውን ከፍተኛ ድምፅ ለማግኘት አውራ ጣቱን ጭምር ክሩ ላይ እየተጫነ ወደ መሣሪያው ሆድ መውረድ ግድ ይለዋል። የተጫዋች ብቃት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቤንትሶን የአገሩ ልጅ ቫን ሆልምቦ ለቼሎ የጻፈውን ኮንቸርቶም አስቀርጿል።

እናቱ አይስላንዳዊት ነበረች። በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ ውስጥ፣ ሃርፓ በተባለው የሙዚቃ አዳራሽ አጠገብ፣ ቼሎውን ይዞ የሚያሳየው ሐውልት አለ።

በኮፐንሃገን የንጉሣዊው የሙዚቃ አካዳሚ ለአሥርት ዓመታት ካስተማረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ያረፈውም ዩኒቨርሲቲው በሚገኝበት በአን አርበር ከተማ ነው።