የጫጩት ቀለም ትንበያ

ሱሉልታ ያደገችው አያቴ እንቁላል ከማስታቀፏ በፊት የአውራውን ላባ ታጠና ነበር፤ ለበዓል ገበያ ቀይ ይወደዳል፣ ጥቁር ገዢ ያጣል። ከሁለት ቀይ ወላጆች ነጭ ጫጩት ሲፈለፈል «ወደ ቅድመ አያቱ ሄደ» ትላለች። ልክ ነበረች! ተደብቆ ትውልድ የሚሻገር ነጭ አለ። እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ዊልያም ቤትሰን የሜንዴል የዘር ውርስ ሕግ ለእንስሳትም እንደሚሠራ በ1902 እ.ኤ.አ. ያሳየው በዶሮ ነው።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በጅማና በዓለማያ የግብርና ኮሌጆች በኩል የመጣው ነጭ ሌግሆርን የተባለው ዶሮ ግን ነጭነቱ አይደበቅም፤ ከቀይ ዶሮ ጋር ሲዳቀል ጫጩቶቹን ያነጣል።

ዛሬ ቡራዩና ሰበታ የሚረባው ቦቫንስ ብራውን የተባለው ዶሮ ሲፈለፈል ቡናማዋ ሴት፣ ነጣ ያለው ወንድ ነው፤ እናቲቱ የሚያነጣውን ዘረመል የምታወርሰው ለወንዶች ልጆቿ ብቻ ነውና።