አሮጌ ጠመንጃም ይነበባል

ኅዳር 6 ቀን 2009 ዓ.ም. የኬንያ መንግሥት ከናይሮቢ አጠገብ በምትገኘው በንጎንግ 5,250 ሕገ ወጥ የጦር መሣሪያዎችን ከምሮ አቃጠለ። ለሰላም የተደረገ በመሆኑ የሚደገፍ ተግባር ነው። የታሪክ መምህራን እንደመሆናችን ግን አንድ ጥያቄ እናነሣለን፤ አሮጌ ጠመንጃ ከመጥፋቱ በፊት ምን ሊነግረን ይችላል?

በውጭ አገር አሮጌ መሣሪያ የሚሰበስቡ ሰዎች በአነስተኛ የጠመንጃ ገበያ ላይ የተፈለገውን ዓይነት ሲያገኙ በመጀመሪያ የሚመለከቱት በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍና ማኅተም ነው። እነርሱ ማኅተሙን የሚሹት ለዋጋው ነው፤ እኛ የምንሻው ለምስክርነቱ ነው።

ውጅግራን እንውሰድ። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም በአገራችን አንደበት ተላምዶ የወጣ ነው። ሻምበል ባዚል ግራ የሠራው ይህ ጠመንጃ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1874 ሞዴል ሲሆን፣ 11 ሚሊሜትር ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስ ነው። በብረቱ ላይ እንደ ሴንት ኤትየን ያለው የፋብሪካ ስምና የተሠራበት ዓመት ይገኛል። ፈረንሳይ በ1886 ጢስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበንን ስትይዝ ውጅግራ ትርፍ ሆነ፤ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩልም ወደ አገራችን በብዛት ገባ። ስለዚህ በ1876 የተሠራ ውጅግራ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ሊተኩስ ይችል ነበር። ተማሪው ከዚህ የሚማረው፣ ዕቃው የተሠራበት ዓመትና አገልግሎት የሰጠበት ዓመት አንድ አለመሆናቸውን ነው።

ቋንቋችንም መዝገብ ነው። ስናድር የሚለው ስም ስናይደር ከተባለው ፈልሳፊ የመጣ ነው፤ እንግሊዞች በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት የወጉት በዚሁ ጠመንጃ ነበር። ምንሽር ከማንሊከር፣ ቤልጅግ ከቤልጅግ አገር ስም የመጡ ናቸው። ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት በቤልጅግ ከተሠሩት ጠመንጃዎች መካከል የይሁዳ አንበሳ ምስል የተቀረጸባቸው አሉ። እንዲህ ያለው ምልክት ባይኖር ማን እንዳዘዘው በምን ይታወቅ ነበር?

ወደ ናይሮቢ እንመለስ። በ1992 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ጨምሮ አሥር መንግሥታት ሕገ ወጥ መሣሪያን ለመከላከል በዚያች ከተማ ተስማሙ። በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. የተፈረመው የናይሮቢ ፕሮቶኮል ደግሞ መሣሪያ ሁሉ ምልክት እንዲደረግበትና በመዝገብ እንዲያዝ ያዛል። እንግዲህ ሰላም አስከባሪውና የታሪክ ተመራማሪው የሚፈልጉት ነገር አንድ ነው፤ እርሱም ምልክትና መዝገብ ነው።

ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ማኅተሙን በአጉሊ መነጽር እያነበበ፣ የዓድዋ ተዋጊዎች የልጅ ልጆች የሆኑት ተማሪዎቻችን የጠመንጃውን ስም እንኳ ሳያውቁ ቢቀሩ ያሳዝናል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ወደ ሙዚየምና ወደ አረጋውያን ምሯቸው። መሣሪያ ሳይነኩ፣ ስሙን፣ ማን ይዞት እንደነበረና ከየት እንደተገኘ ጠይቀው ይጻፉ። የሚቃጠለው ይቃጠል፤ የሚሸጠውም ይሸጥ ይሆናል። ሳይነበብና ሳይመዘገብ የሄደው ግን ተመልሶ አይገኝም።