መስቀል ክብራና የገበሬው ላም

ከወልድያ የሚነሣው የወረታ መንገድ ጋሸና ሲደርስ አንዱ ወደ ላሊበላ ይታጠፋል፤ ሌላው ወደ ምዕራብ ገፍቶ የመቄቷን ፍላቂት ያገኛል። የዚህ ደጋ ትልቁ የፍቅር ታሪክ የጎረምሳና የኮረዳ አይደለም፤ የንጉሥ ላሊበላና የሚስቱ የመስቀል ክብራ ነው።

ከሰነዱ እንነሣ። የላሊበላ የመሬት ስጦታዎች በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ ወርቃዊ ወንጌል ላይ ተጽፈው ቆይተዋል፤ አንዱ እ.ኤ.አ. የ1225 ነው። መስቀል ክብራን በንግሥትነቷ የምናውቃት ከዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ነው። ስለ መዋደዳቸው አንድ ቃል የለም፤ ከጉልት ጽሑፍም አይጠበቅም።

ፍቅሩን የሚያመጡት ገድልና ትውፊት ናቸው። ገድለ ላሊበላ የተደረሰው ንጉሡ ካረፈ 200 ዓመት ያህል ቆይቶ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ፔሩሾን እ.ኤ.አ. በ1892 አሳትሞታል። ደራሲው ቅዱስ ንጉሥ ሊያሳየን እንጂ የባልና ሚስት ወግ ሊያጫውተን አልተነሣም። ትውፊቱ ደግሞ ቤተ አባ ሊባኖስን መስቀል ክብራ ለባሏ መታሰቢያ፣ መላእክት እየረዷት ባንድ ሌሊት አሠራችው ይላል። ዙሪያውን ከአለቱ ተለይቶ ጣሪያው ብቻ ከተራራው ጋር እንደተያያዘ ቀርቷል። ሌሊቱን ለአማኝ እተወዋለሁ፤ የመበለቲቱ ሐዘን ግን በድንጋይ እንዲነገር የመረጠው ሕዝብ ድንጋይ የሚያውቅ ሕዝብ ነው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ የላሟ ነገር ነው። ላሊበላ በሚስቱ ምክር ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ ለቀቀ ይባላል። 18 ወር እንደቆየ የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች ያንድ ድሃ ገበሬ ብቸኛ ላም ነድተው ወሰዱ። ይህን ያየችው መስቀል ክብራ ዝም አላለችም፤ ባሏን አግባብታ ወደ መንበሩ መለሰችው። ታሪኩ የነገሥታቱን ሽኩቻ ለማለስለስ የተነገረ ሊሆን ይችላል፤ ዙፋን እንዲህ በቀላሉ ተለቅቆ እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ለላስታ ሰሚ ግን እንግዳ አይደለም። አንዲት ላም ማጣት ወተትም፣ የነገ በሬም ማጣት መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህም ሴትዮዋን ያምናታል።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የያዘንም እንዲሁ ነው። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የለያቸው የእናት ስለትና የባላባት ኩራት ናቸው፤ ሁለቱም የጎጃም መሬት ያበቀላቸው ናቸው። ፍቅሩን ከማንኩሳና ከዲማ ነቅለን የትም ብንተክለው፣ እንባው ቢቀርም ክርክሩ ይጠፋል።

የላስታን ፍቅር በልብ ወለድ ሊጽፍ የሚነሣ ካለ፣ ከመላእክቱ ይልቅ ከላሟ ቢጀምር ይሻለዋል።