ፎርሙን ማን ይሙላው? ከመቅደላ እስከ ነቀምቴ፣ የሐኪሞቻችንና የወላጆቻቸው ታሪክ



ፍሬሽማን ያሉ ልጆች የትምህርት ክፍል ምርጫ የሚሞሉበት ሰሞን ሲደርስ የእኔ ስልክ ዕረፍት የለውም። የሚደውለው ግን ተማሪው አይደለም። አባት ነው፣ እናት ናት፣ አንዳንዴም ፊንፊኔ ያለ አጎት ነው። "ቲቸር፣ እርስዎን ይሰማል፤ ሕክምናን አንደኛ አድርጎ እንዲሞላ ይንገሩልኝ።" ልጁ ደግሞ ማታ በቴሌግራም ይመጣል፦ "ቲቸርዬ፣ እባክህ አባቴን አናግርልኝ።"

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ሕክምና የማውቀው ትንሽ ነው። ስለዚህ መልሴን ከማውቀው ልጀምር፦ የቀድሞዎቹ ሐኪሞቻችን ሕክምና ሲገቡ የወሰነላቸው ማን ነበር?

ከመጀመሪያው እንነሳ። ሚያዝያ 1860 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙና አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሰዉ፣ ከወላጆቹ የተለያየ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን እዚያ ተገኘ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ይዞት ሄደ፤ ሌላ መኮንን ደግሞ የትምህርት ቤት ወጪውን ቻለለት። ከሁለቱ ሰዎች ስም ተቀጣጥሎ "ቻርልስ ማርቲን" ተባለ። ላሆር ሕክምና ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቀ። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ ሀገሩ ሲመጣ አያቱ ሰውነቱ ላይ ባለ ጠባሳ ለይተው "ይህማ የኛው ወርቅነህ ነው" አሉ ይባላል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ማለት እኚህ ናቸው፤ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። ፎርማቸውን የሞላው ጦርነት ነው።

ቀጥሎ ዶክተር መላኩ በያን አሉ። በልጅነታቸው ቤተ መንግሥት ገብተው አደጉ። ራስ ተፈሪ (የኋላው አፄ ኃይለ ሥላሴ) መጀመሪያ ወደ ህንድ፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ ላኳቸው። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠናቀው ጣሊያን ሲመጣ ተመለሱ፣ ኦጋዴን ግንባር ወርደው ቁስለኛ አከሙ። እዚህ የወላጅን ቦታ የያዘው ንጉሡ ነው።

ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስስ? ፖለቲካውን ለዛሬ ወደ ጎን እንተወውና ሐኪሙን ብቻ እንይ። አባታቸውን በየካቲት 12 ጭፍጨፋ ሰሞን ፋሺስቶች ገደሉባቸው፤ እናታቸውም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። ከተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ወደ ግብፅ፣ ከግብፅ ወደ ኤድንበራ ሄደው ቀዶ ሐኪም ሆነው ተመለሱ። እሳቸውም ፎርም ሲሞሉ አባት አጠገባቸው አልነበረም።

በደርግ ጊዜም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በኦጋዴን ጦርነት የተሰዉና የዘመቱ ወታደሮች ልጆች ኩባ፣ "የወጣቶች ደሴት" ወደሚባለው ቦታ ተላኩ። ከእነሱ መካከል ሐኪም ሆነው የተመለሱ አሉ። እነዚህን ደግሞ የላከው መንግሥት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከመቶ ዓመት በላይ በሚሆን ታሪክ ውስጥ "ልጄ ሐኪም ይሁን" ብሎ ፎርም ላይ የተቀመጠ አባት ማግኘት ከባድ ነው። ጦርነት መረጠ፣ ቤተ መንግሥት መረጠ፣ መንግሥት መረጠ። ወላጁ ወይ ሞቷል፣ ወይ ሩቅ ነው፣ ወይ አልተጠየቀም። የዛሬው ስልክ የሚደውልልኝ አባት በታሪክ ዓይን ሲታይ አዲስ ሰው ነው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። አንድ አባት ለልጁ ምርጫ መጨነቅ መቻሉ ራሱ ትልቅ ዕድገት ነው፤ አያቶቻችን ይህ ዕድል አልነበራቸውም።

ታዲያ ወላጅ ባለበትስ እንዴት ነበር? ሁለት ታሪኮች አሉኝ። ሁለቱም እኛው ሰፈር፣ ወለጋ ላይ ነው የሚያልቁት።

አንደኛው የልዕልት ፀሐይ ነው። በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተማሩ። ልብ በሉ፣ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ናቸው! አልጋ ማንጠፍ፣ ሕመምተኛ ሕፃን ማጠብ "ለዙፋን ልጅ አይሆንም" ተብሎ ሊከለከሉ ይችሉ ነበር። አልተከለከሉም። ከድል በኋላ አግብተው ባለቤታቸው ወደ ተሾሙበት ወደ ወለጋ መጡ። በነሐሴ 1934 እዚሁ ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ። ገና ሃያዎቹን አልጨረሱም። ነርስ ነበሩ፣ የንጉሥ ልጅ ነበሩ፣ ሞት ግን ከወሊድ አልጋ ላይ ወሰዳቸው። ወላጅ "ልጄ ሐኪም ይሁን" ሲል ሕልሙን አልንቅም የምለው ለዚህ ነው። ሀገሩ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ነቀምቴ ይህን በራሷ መሬት ታውቀዋለች።

ሁለተኛው የሐኪም ወርቅነህ የራሳቸው ልጆች ታሪክ ነው። ወላጅ ሳይኖራቸው ያደጉት ሐኪም፣ አባት ሲሆኑ ምን አደረጉ? ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም እንግሊዝ ሀገር ተማሩ። የተማሩት ግን ሕክምና አይደለም፤ ምህንድስና ነው። የሀገሪቱ የመጀመሪያው ሐኪም ልጆች! በዛሬው ሂሳባችን "የአባቱን ሙያ ያልወረሰ" ይባላሉ። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ሁለቱም የጥቁር አንበሳ አርበኞችን ተቀላቀሉ። ይህ ማኅበር የተመሠረተው እዚሁ ነቀምቴ ነው፤ ሊቀ መንበሩ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነም የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። በሰኔ 1928 ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ያቃጠሉትም የዚህ ማኅበር አርበኞች ናቸው። ዮሴፍና ቢንያም ከየካቲት 12 በኋላ በፋሺስቶች ተገደሉ። አባታቸው ያኔ ለንደን ነበሩ።

ዛሬ ሕክምና የሚመኝ ልጅ ሁሉ በሕልሙ የሚያየው ሆስፒታል ስሙ ማን ነው? ጥቁር አንበሳ። በዚህ ስም ከተጠሩት ሰዎች መካከል ግን ነጭ ጋውን ሳይለብሱ ሀገራቸውን ያገለገሉ ነበሩ። ለልጅህ ክብር የሚገኘው ከአንድ በር ብቻ ነው ያለህ ማን ነው?

አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ። በሩ እየሰፋ መጥቷል። ጎንደር በ1947 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ተከፈተ፤ ያኔ የሚያሠለጥነው ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒቴሪያን ነበር። ቀጥሎ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ፣ ከዚያ ጅማ፣ ከዚያ ሌሎችም መጡ፤ ዛሬ ነቀምቴ ላይ የራሳችን ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ሌላ ዲግሪ ይዘው ሕክምና መግባት ለሚፈልጉ አዲስ ፕሮግራም ተከፍቶ ነበር። ማለትም በ19 ዓመትህ ያልገባህበት በር ለዘላለም ተዘጋ ማለት አይደለም።

በሌላ በኩል ወንፊቱ ጠብቋል። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ታስታውሳላችሁ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በእነዚህ ዓመታት እኛ አካባቢ ትምህርት እንዴት ሲቆራረጥ እንደነበር ለእናንተ አልነግርም፣ አብረን ነው ያየነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ሲያልፍ ቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን ቀበሌው ሁሉ "የኛ ዶክተር" ይለዋል። ልጁ ጫንቃ ላይ ስንት ሰው እንደተቀመጠ አስቡት! ከዚያ ፎርሙን አባት ይሞላዋል። ስድስትና ሰባት ዓመት ሌሊት የሚያነበው፣ ሬሳ ፊት የሚቆመው፣ ተረኛ ሆኖ የሚያድረው ግን ልጁ ነው። ሐኪሞቹ በ2011 ግንቦትም በ2017 ግንቦትም የኑሮና የደመወዝ ጥያቄ ይዘው መውጣታቸውንም እንዳትረሱ። "ዶክተር ከሆነ ያልፍልናል" የሚለው ሂሳብ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም።

የማውቃቸው አንድ አባት አሉ፣ ስማቸውን አልጠራም። ገበሬ ናቸው፣ ማንበብ አይችሉም። ልጃቸው የመምረጫው ቀን ሲደርስ በኦሮምኛ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፦ "ስንት ዓመት ይፈጃል? በየወሩ ምን ያህል ልላክልህ? ሲከብድህ ለማን ትነግራለህ?" ልጁ ሦስተኛውን መመለስ አቃተው። አባትየው ዝም ብለው ቆዩና "እንግዲያው ለእኔ ንገረኝ" አሉት። ልጁ ሕክምና መረጠ፤ አሁን እየተማረ ነው። ፋርማሲ ወይም ሒሳብ ቢመርጥም እነዚያው ጥያቄዎች ይሠሩ ነበር። ስለ ወላጅ ድርሻ ከዚህ የተሻለ ትምህርት እኔ አልሰማሁም።

ስለዚህ ለወላጆች፦ ጠይቁ። ስለ ወጪው ተነጋገሩ። ርቀቱ ካስፈራችሁ ፍርሃታችሁን በግልጽ ንገሯቸው። የሚያውቃችሁ ሐኪም ካለ ልጁን አገናኙትና አንድ ቀን ሥራውን ይይ። የልጁን ስልክ ተቀብላችሁ ፎርሙን መሙላት ግን የእናንተ ድርሻ አይደለም። "እኛ ያልደረስንበት" የሚለው ዕዳ በልጅ አይከፈልም።

ለተማሪዎቼ ደግሞ፦ "አባቴ አስገድዶኝ ነው" ለማለት እንዲመቻችሁ ዝም አትበሉ። የማትፈልጉ ከሆነ ምን እንደምትፈልጉ ይዛችሁ ቅረቡ። "ሕክምና አልፈልግም" ብቻ ብሎ የሚነሳ ልጅ አባቱን ያስደነግጣል፤ "ይህን ነው የምፈልገው፣ ምክንያቴም ይህ ነው" የሚል ልጅ ግን ይደመጣል። አባት ወይ እናት ያስፈራችሁ እንደሆነ አክስትን፣ ሽማግሌን፣ እኔንም ቢሆን ያዙና ሂዱ። ቡና ተፈልቶ የማያልቅ ወሬ የለም።

ሐኪም ወርቅነህን የሚያማክር አባት አልነበራቸውም። እናንተ አላችሁ። አማክሩት፤ ፎርሙን ግን ራሳችሁ ሙሉ።

የእናንተን ቤት ደግሞ እስቲ ንገሩኝ፤ ማን ነበር የመረጠላችሁ? ዛሬስ ምን ትላላችሁ? ምርጫ ላይ ያለ ልጅ ያላችሁ ደግሞ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለቤት ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።

መምህራችሁ፣ ከጉቴ