ሲንቄና ሲሞን ደ ቦቯር

ኤግዚስቴንሺያሊዝም የሚባለው የህልውና ፍልስፍና ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ፓሪስ ካፌዎች ይሄዳል። «ቅቤዋን ሸጣ ከእንጭኒ ገበያ የምትመለስ ሴት ከዚህ ጋር ምን አገናኛት?» የሚል አይጠፋም። መገናኘቱንስ ይገናኛሉ፤ ማን ማንን እንደሚያስተምር ግን አስቀድመን አንወስን።

የፍልስፍናው ፍሬ ነገር አጭር ነው። ሰው አስቀድሞ የተቆረጠለት ባሕርይ የለውም፤ በምርጫውና በተግባሩ ራሱን ይሠራል። ሲሞን ደ ቦቯር በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የሥነ ምግባር ድርሰት፣ የሌሎችን ነፃነት የማይሻ ነፃነት ራሱን ያፈርሳል ስትል ተከራከረች። በ1949 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሁለተኛው ፆታ» ደግሞ ይህንኑ ወደ ሴቶች ኑሮ አመጣችው። ወንዱ ራሱን የሰውነት መለኪያ አድርጎ ሴቷን «ሌላ» አድርጓታል። ታዲያ ለምን አላመፀችም? እንደ ቦቯር አባባል ሠራተኛው ከሠራተኛው ጋር በፋብሪካ ይገናኛል፤ ሴቶች ግን በየአባታቸውና በየባላቸው ቤት ተበታትነው ስለሚኖሩ «እኛ» የሚሉበት መድረክ የላቸውም።

የኦሮሞ ሴቶች ታሪክ ቦቯርን የሚሞግታት እዚህ ላይ ነው። በባህሉ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የተባለውን ቀጭን በትር ታስይዛታለች። ባል ሚስቱን ቢበድል፣ ይልቁንም በአራስነቷ እጁን ቢያነሣባት፣ ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰሙ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። እህሉ ሳይፈጭ፣ ላሟ ሳትታለብ ትቀራለች። ሽማግሌ ገብቶ፣ ጥፋተኛው ይቅርታ ጠይቆ ካሣ እስኪከፍል አይመለሱም። ተዋጊዎች መካከል ሲንቄ ይዘው ከቆሙም ያንን አልፎ መዋጋት ነውር ነው። ይህ «እኛ» ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ነገር ግን ውዳሴ ብቻውን ታሪክ አይሆንም። ሲንቄ ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው ያገባችውን ሴት፣ በሚስትነቷና በእናትነቷ ነው። ውሃ ልትቀዳ ወርዳ የተጠለፈችው ልጃገረድስ? በወግ አልተዳረችምና በእጇ ሲንቄ የለም። የመንግሥት ሕግም አልደረሰላትም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው በፈቃዷ ካገባት ከክስ እንዲያመልጥ በር ከፍቶለት ነበር። «በፈቃዷ» እንዴት ሆኖ? በጠላፊዋ ቤት ተይዛ፣ ሌላ የሚያገባት የለም እየተባለች እሺ ብትል ምኑ ነው ምርጫ? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው አዘዘ።

በሩ የተዘጋው በትግል ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በአርሲ የተጠለፈች የ14 ዓመት ተማሪ ጠላፊዋን በገዛ መሣሪያው ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቆች ቆሙላት፤ ፍርድ ቤትም ራስን መከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። የ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የባልን አለቅነት ሻረ፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ጋብቻ ለጠላፊ መሸሸጊያ መሆኑን አስቀረ። እነዚያ ጠበቆች በትር ባይዙም «እኛ» ብለዋል።

እንግዲህ ቦቯር የአንዲቷን ምርጫ ታስከብራለች፤ ሲንቄ ደግሞ የሁሉንም መድረስ። ያለ ምርጫ «እኛ» ሌላ ቀንበር ይሆናል፤ ያለ ደራሽም ምርጫ ባዶ ቃል ነው። በየመንደሩና በየዶርሙ የአንዲት ሴት ጩኸት ሲሰማ «የራሷ ጉዳይ ነው» ብሎ መተኛትም ምርጫ ነው። የዚያ ምርጫ ተጠያቂዎች እኛው ነን።