ጠበኛ የፖለቲካ አመራርና የፓርቲ ጎራ ክፍፍል በአሜሪካ

ጠበኛ የፖለቲካ አመራር የፓርቲ መሪ ተቀናቃኙን ወገን እንደ ሥራ ባልደረባ ሳይሆን መሸነፍና መዋረድ እንዳለበት ጠላት የሚያይበት፣ ድርድርንም እንደ ሽንፈት የሚቆጥርበት የአመራር ስልት ነው። በዩናይትድ ስቴትስ በዴሞክራቲክና በሪፐብሊካን ፓርቲዎች መካከል ያለው ርቀት እንዲሰፋ ካደረጉት ምክንያቶች መካከል ይህ ስልት በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ስልቱን በተደራጀ መልክ ወደ ኮንግረስ ያስገቡት ደግሞ የጆርጂያው ተወካይ፣ በኋላም የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የሆኑት ኒውት ጊንግሪች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የክፍፍሉ ዓይነትና መለኪያ

ምሁራን የጎራ ክፍፍል ሲሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማለታቸው ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው የአቋም መራራቅ ነው። ኪት ፑልና ሃዋርድ ሮዘንታል የተባሉ ምሁራን የኮንግረስ አባላት የሰጡትን ድምፅ ሁሉ ሰብስበው እያንዳንዱ አባል ከግራ እስከ ቀኝ የት እንደሚቆም የሚያሳይ መለኪያ ሠሩ። በዚህ መለኪያ በ1970ዎቹ ከብዙ ዴሞክራቶች ይልቅ ወደ ግራ የሚያደሉ ሪፐብሊካኖች፣ ከብዙ ሪፐብሊካኖች ይልቅ ወደ ቀኝ የሚያደሉ ዴሞክራቶችም ነበሩ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ግን በሁለቱ መካከል የነበረው መደራረብ ጠፍቷል።

ሁለተኛው የስሜት ክፍፍል ይባላል፤ ሰዎች የሌላውን ፓርቲ ደጋፊዎች ምን ያህል እንደሚጠሉ የሚለካ ነው። ሻንቶ አየንጋርና ባልደረቦቹ በ2012 ባወጡት ጥናት የጠቀሱት ጥያቄ ዛሬም ድረስ ይነገራል፤ ልጅዎ የሌላ ፓርቲ ደጋፊ ቢያገባ ቅር ይልዎታል ወይ? በ1960 ቅር ይለኛል ያሉት ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2010 ግን ከሪፐብሊካኖች ግማሽ ያህሉ፣ ከዴሞክራቶች ሲሶው ቅር ይለናል ብለዋል። የጠበኛ አመራር ሚና ጎልቶ የሚታየው በዚህኛው ክፍፍል ላይ ነው። በግብር ወይም በጤና መድን ላይ መለያየት አንድ ነገር ሲሆን ልጅን ለተቃራኒ ወገን መዳርን መጥላት ግን ሌላ ነው።

ከጊንግሪች በፊት የነበረው ሁኔታ

ዛሬ ለማመን ቢከብድም በ1950 የአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ ማኅበር ኮሚቴ ያወጣው ሪፖርት ያማረረው ሁለቱ ፓርቲዎች ከመጠን በላይ ስለሚመሳሰሉ መራጩ የጠራ አማራጭ አጥቷል በሚል ነበር። በሁለቱም ፓርቲዎች ውስጥ ወግ አጥባቂዎችም ለዘብተኞችም ነበሩ። ለምሳሌ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መጀመሪያ በተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ ከሪፐብሊካኖች 138 ደግፈውት 34 ተቃውመውታል፤ ከዴሞክራቶች ደግሞ 152 ሲደግፉት 96 ተቃውመዋል። ተቃዋሚዎቹ ዴሞክራቶች በአብዛኛው ከደቡብ ክፍለ ግዛቶች የመጡ ነበሩ።

በዚያ ዘመን ጠበኛ ፖለቲከኛ አልነበረም ማለት አይደለም። የዊስኮንሲኑ ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ከ1950 ጀምሮ ብዙ ሰዎችን በኮሚኒስትነት እየወነጀሉ አገሪቱን አስጨንቀዋል። ነገር ግን ሴኔቱ በታኅሣሥ 1954 በ67 ለ22 ድምፅ ሲያወግዛቸው በድምፅ አሰጣጡ ከተካፈሉት የገዛ ፓርቲያቸው ሴናተሮች ግማሹ ከተቃዋሚው ጋር ቆመው ነበር። ማካርቲ ፓርቲያቸውን ይዘው መዝመት አልቻሉም።

ዴሞክራቶች ከ1955 እስከ 1995 ድረስ ለ40 ዓመታት የተወካዮች ምክር ቤቱን ያለማቋረጥ ተቆጣጥረዋል። የሪፐብሊካኖቹ መሪ ቦብ ማይክል ከዴሞክራቱ አፈ ጉባኤ ቲፕ ኦኒል ጋር ጎልፍ የሚጫወቱ፣ በድርድር ትንሽም ቢሆን ማግኘት ይሻላል የሚሉ ሰው ነበሩ። ወጣት ሪፐብሊካኖች ይህን የዘላለም አናሳነት መቀበል አድርገው አዩት። ቅሬታቸውም መሠረት የሌለው አልነበረም። በ1985 በኢንዲያና ስምንተኛ የምርጫ ክልል በተነሣው ውዝግብ የዴሞክራቶች አብላጫ የራሱን እጩ በ4 ድምፅ ብልጫ አሸናፊ ነው ሲል ሪፐብሊካኖች አዳራሹን ጥለው ወጥተዋል። ለዘብተኛ የነበሩት ሳይቀሩ በዚያ ቀን ተቆጥተው ነበር።

ጊንግሪችና ካሜራው

የታሪክ መምህር የነበሩት ኒውት ጊንግሪች በ1974ና በ1976 ተወዳድረው ተሸንፈው በ1978 ኮንግረስ ገቡ። ከእሳቸው መምጣት ጥቂት ወራት በኋላ፣ በመጋቢት 1979፣ ሲ-ስፓን የተባለው ጣቢያ የምክር ቤቱን ስብሰባ በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ። አብዛኞቹ አባላት ካሜራውን ችላ ሲሉት ጊንግሪች ጥቅሙን ቶሎ ተረዱት። በ1983 ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር አንድ የወግ አጥባቂዎች ቡድን መሥርተው ከመደበኛው ሥራ በኋላ ለማንኛውም አባል በሚሰጠው የንግግር ሰዓት ዴሞክራቶችን ይከስሱ ጀመር።

በዚያ ሰዓት አዳራሹ ባዶ ነው። ተመልካቹ ግን ካሜራው ተናጋሪውን ብቻ ስለሚያሳየው ባዶነቱን አያይም፤ ዴሞክራቶች መልስ አጥተው ዝም ያሉ ይመስለዋል። አፈ ጉባኤ ኦኒል በግንቦት 1984 ካሜራው ባዶውን ወንበር እንዲያሳይ አዘዙ፤ ከዚያም በጊንግሪች ላይ በቁጣ የተናገሩት ቃል ከሥነ ሥርዓት ውጭ ነው ተብሎ ከመዝገብ እንዲወጣ ተደረገ። ይህ ለአንድ አፈ ጉባኤ ትልቅ ውርደት ሲሆን ክርክሩ በማታ ዜና ቀርቦ የማይታወቁትን ጊንግሪች አገር አወቃቸው። ጠብ ዜና ይሆናል፣ ዜናም ስም ያስገኛል የሚለው ስሌት በዚያ ሳምንት ተረጋገጠ።

ቀጥሎ የመጣው ሥነ ምግባርን እንደ ጦር መሣሪያ መጠቀም ነው። ጊንግሪች በ1988 በአፈ ጉባኤ ጂም ራይት ላይ ያቀረቡት ክስ ራይት በ1989 ሥልጣናቸውን እንዲለቁ አድርጓል። በዚያው ዓመት የሪፐብሊካኖቹ ተጠሪ ዲክ ቼኒ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ሲሄዱ ጊንግሪች በ87 ለ85 ድምፅ ቦታውን ያዙ። የሁለት ሰው ድምፅ ቢቀየር ኖሮ የፓርቲው አካሄድ ሌላ መልክ ይይዝ እንደነበር የሚገምቱ አሉ፤ ያም ሆነ ይህ ለዘብተኞቹም ሳይቀሩ ከመረጧቸው መካከል ነበሩ፤ አናሳነት ሰልችቷቸው ነበርና።

ቃላት እንደ ስልጠና

ጊንግሪች የሚመሩት ጎፓክ የተባለው ድርጅት አዳዲስ እጩዎችን ያሠለጥን ነበር። እጩዎቹ መኪና እየነዱ የሚያዳምጧቸው የንግግር ካሴቶች ይላኩላቸው ነበር። በ1990 የተበተነው የጎፓክ ማስታወሻ ደግሞ ሁለት የቃላት ዝርዝር ነበረው። ለራስ ወገን «ቤተሰብ»፣ «ነጻነት»፣ «ድፍረት» የሚሉትን፣ ለተቃዋሚ ደግሞ «ከሃዲ»፣ «በሽተኛ»፣ «ሙሰኛ»፣ «ብስባሴ» የሚሉትን መጠቀም ይመክራል። ቀድሞ የአንድ ሰው ጠባይ የነበረው ጠበኝነት በዚህ መንገድ የሚማሩት ሙያ ሆነ።

በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ግብር አልጨምርም ያሉትን ቃል ትተው ከዴሞክራቶች ጋር የበጀት ስምምነት ሲያደርጉ፣ ጊንግሪች የራሳቸውን ፓርቲ ፕሬዚዳንት ተቃወሙ። ስምምነቱ በጥቅምት 1990 በምክር ቤቱ 254 ለ179 ወደቀ። ከጠላት ጋር የተስማማ የራስ ሰውም ከጠላት ይቆጠራል የሚለው አስተሳሰብ በግልጽ የታየው እዚህ ላይ ነው።

አብላጫው ከተያዘ በኋላ

በመስከረም 1994 የሪፐብሊካን እጩዎች ከአሜሪካ ጋር የተገባ ውል ያሉትን ሰነድ ፈረሙ፤ በኅዳሩም ምርጫ ከ50 በላይ ወንበር አግኝተው አብላጫውን ያዙ። አፈ ጉባኤ የሆኑት ጊንግሪች የኮሚቴ ሰብሳቢዎችን ሲመርጡ የአገልግሎት ዘመንን እየዘለሉ ታማኝነትን አስቀደሙ። አባላት በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ በዋሽንግተን እንዲቆዩም ተደረገ፤ ስለዚህ ቤተሰቦቻቸው በየክልላቸው ቀሩ። ይህ ጥቃቅን ነገር ይመስላል። ነገር ግን ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ፣ እሑድ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚገናኙ ተቀናቃኞች መሰዳደብ ይከብዳቸዋል።

በበጀት ጉዳይ ከፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ጋር የተደረገው ፍጥጫ የፌዴራል መንግሥቱን ሥራ ሁለት ጊዜ አዘጋ፤ በኅዳር 1995 ለ5 ቀናት፣ ከታኅሣሥ 1995 እስከ ጥር 1996 ደግሞ ለ21 ቀናት። ጊንግሪች ከይስሐቅ ራቢን ቀብር ሲመለሱ ከፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን በኋላ በር እንዲወርዱ መደረጋቸው እልሃቸውን እንዳባባሰው ራሳቸው ለጋዜጠኞች ተናገሩ፤ አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣም በሽፋኑ ላይ እንደሚያለቅስ ሕፃን አድርጎ ሣላቸው። ሕዝቡ ይበልጥ የወቀሰው ሪፐብሊካኖችን ሲሆን ክሊንተን በ1996 እንደገና ተመረጡ።

ራይትን የጣለው መሣሪያ ወደ ባለቤቱም ተመለሰ። በጥር 1997 ምክር ቤቱ ጊንግሪችን በሥነ ምግባር ጥሰት በ395 ለ28 ወቅሶ 300,000 ዶላር እንዲከፍሉ አደረገ። ሪፐብሊካኖች ክሊንተንን ለመክሰስ ሲዘጋጁ በነበሩበት በ1998ቱ ምርጫ 5 ወንበር በማጣታቸው ጊንግሪች ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። ሰውየው ሄዱ፤ ስልቱ ግን ቀረ።

ስልቱ ለምን ያዋጣል?

የጠበኛነትን ትርፍ በግልጽ ያሳየው የመስከረም 2009 ክስተት ነው። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በኮንግረስ ፊት ሲናገሩ የደቡብ ካሮላይናው ተወካይ ጆ ዊልሰን ትዋሻለህ ብለው ጮኹ። ምክር ቤቱ በ240 ለ179 ወቀሳቸው። ይሁን እንጂ በቀናት ውስጥ ዊልሰን ከደጋፊዎቻቸው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ፤ ዴሞክራቱ ተወዳዳሪያቸውም እንዲሁ። አንድ ጩኸት ሁለቱንም ወገን አበለጸገ።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ብዙ የምርጫ ክልሎች ለአንድ ፓርቲ ያደሩ ስለሆኑ ተወካዩ የሚፈራው ተቃዋሚ ፓርቲን ሳይሆን ጥቂት ቆራጥ ደጋፊዎች የሚመርጡበትን የፓርቲ ቅድመ ምርጫ ነው። ብሮድካስተሮች የተለያዩ ወገኖችን ሐሳብ በሚዛን እንዲያቀርቡ ያስገድድ የነበረው መመሪያ በ1987 ከተሻረ በኋላ የረሽ ሊምቦ የሬዲዮ ፕሮግራም በ1988 አገር አቀፍ ሆነ፤ ፎክስ ኒውስ በ1996 ተከተለ።

የምሁራን ክርክር

ሁሉንም ነገር በመሪዎች ማሳበብ አከራካሪ ነው። ከ1964 በኋላ የደቡብ ወግ አጥባቂዎች ከዴሞክራቲክ ወደ ሪፐብሊካን ፓርቲ መሻገራቸው ጊንግሪች ባይኖሩም ፓርቲዎቹን ያራርቅ ነበር። ሞሪስ ፊዮሪና አብዛኛው ሕዝብ ጽንፈኛ ሳይሆን በየፓርቲው ተደርድሮ ነው ይላሉ። ፍራንሲስ ሊ ደግሞ ከ1980 ወዲህ አብላጫው በየምርጫው ሊለዋወጥ መቻሉ ሁለቱንም ወገን ለጠብ እንደሚገፋፋ ያስረዳሉ፤ ነገ ማሸነፍ የሚችል ወገን ዛሬ ለተቃዋሚው ስኬት ለምን ይተባበራል?

ቶማስ ማንና ኖርማን ኦርንስታይን በ2012 ባሳተሙት መጽሐፍ ሪፐብሊካኖች ይበልጥ ወደ ጽንፍ መሄዳቸውን ተከራክረዋል። ሪፐብሊካኖች በበኩላቸው ሴኔቱ በ1987 የሮበርት ቦርክን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሹመት በ58 ለ42 የጣለበትን ዘመቻ፣ እንዲሁም ዴሞክራቶች በ2013 የሹመት ደንቡን በአብላጫ ድምፅ መቀየራቸውን ይጠቅሳሉ። በ2017 ሪፐብሊካኖች ያንኑ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሹመት ተጠቀሙበት። የመጀመሪያው ክርክር ጠንካራ ማስረጃ ቢኖረውም፣ የመበቃቀል ሰንሰለቱን ለመረዳት የሁለቱንም ወገን ቅሬታ ማየት ያስፈልጋል።

ከ2016 ወዲህ

ዶናልድ ትራምፕ ተቀናቃኞቻቸውን በቅጽል ስም እየጠሩ በ2016 ሲያሸንፉ ስልቱ ከኮንግረስ ወደ ፕሬዚዳንትነት ተሸጋገረ። በ2020 የተሸነፉበትን ውጤት ባለመቀበላቸው ደጋፊዎቻቸው ጥር 6 ቀን 2021 የኮንግረሱን ሕንፃ ወረሩ። ከሳምንት በኋላ ምክር ቤቱ በ232 ለ197 ከሰሳቸው፤ 10 ሪፐብሊካኖችም ክሱን ደገፉ። ከ10ሩ 4ቱ ዳግም አልተወዳደሩም፣ 4ቱ በቅድመ ምርጫ ወደቁ፣ የተመለሱት 2 ብቻ ናቸው። ከወደቁት አንዷ ሊዝ ቼኒ ናቸው፤ ጊንግሪች በ1989 ቦታቸውን የወረሱት የዲክ ቼኒ ልጅ።

በመስከረም 2023 መጨረሻ አፈ ጉባኤ ኬቨን ማካርቲ የመንግሥት ሥራ እንዳይዘጋ በዴሞክራቶች ድምፅ ጭምር ጊዜያዊ በጀት አጸደቁ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 3፣ 8 ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶች ጋር ድምፅ ሰጥተው በ216 ለ210 አወረዷቸው። በአሜሪካ ታሪክ በድምፅ ከቦታው የተነሣ የመጀመሪያው አፈ ጉባኤ ሆኑ። ምክር ቤቱ ማይክ ጆንሰንን እስኪመርጥ ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ቋሚ አፈ ጉባኤ አልነበረውም።